የተማሪዎችን የታሪክና የአርኪዮሎጂ ጥናት በትንሽ ገንዘብ ለመደገፍ፦ ወሎ ላይ ምን ያዋጣል?

ቦርከና ማዶ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ደሴና ኮምቦልቻ ያለን የታሪክ መምህራንና ነጋዴ ወዳጆቻችን ሆነን ለዘንድሮ 180,000 ብር አዋጥተናል። በወሎ ታሪክና አርኪዮሎጂ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚሠሩ ተማሪዎች፣ በተለይ ለማስተርሶቹ፣ የመስክ ወጪ እንዲሆን ነው የምንፈልገው። እስከዚህ ድረስ ተስማምተናል፤ ከዚህ በኋላ ግን ተለያይተናል። ከፊሎቻችን «ለ12 ተማሪ 15,000 ብር እናድርስ፣ ማንም ባዶ እጁን አይመለስ» እንላለን። ሌሎቹ «ተበጣጥሶ ከሚቀር አንድ ቁፋሮ እናስቆፍር፣ የሚታይ ነገር ይውጣ» ይላሉ።

ሥራውን የምታውቁት ንገሩን። ለስንት ተማሪ ቢሆን ይሻላል? የትኛው ወጪ በእኛ ይሸፈን? ፈቃዱስ ከማን ነው የሚጠየቀው? ገንዘቡን ወስዶ መሃል ላይ የሚያቆም ቢኖርስ? የመንገዱ ሁኔታም እየተለዋወጠ ስለሆነ ሩቅ ወረዳ የሚሄደውን ተማሪ እንዴት እንደምንይዘው ግራ ገብቶናል።

ጦሳ ሥር

ሁለቱንም ተዉት። መጀመሪያ 12ቱን እንያቸው። አንድ ወይም ሁለት ቀበሌ በእግሩ የሚያስስ ተማሪ ቢያንስ 15 የመስክ ቀን ይፈልጋል። ብቻውን ደግሞ አይወጣም፤ አንድ ጓደኛና አንድ የአካባቢው መንገድ መሪ አብረውት ይኖራሉ። 45 የሰው ቀን ማለት ነው። 15,000 ብሩን ለ45 ብታካፍሉት ለአንድ ሰው በቀን 333 ብር ይደርሳል። ምግብ፣ ማደሪያ፣ መኪናና የመንገድ መሪው አበል ከዚህ አይወጣም። ተማሪው ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው፤ ሦስት ቀን ሄዶ ይመለሳል፣ የቀረውን ምዕራፍ ከሌላ ሰው ጽሑፍ ይሞላዋል። 40,000 ቢሆን ግን በቀን ወደ 890 ብር ይጠጋል። ጠበብ ቢልም ያሠራል። ስለዚህ 4 ተማሪ በ40,000 ያዙ፣ የቀረው 20,000 በእናንተው እጅ መጠባበቂያ ይሁን።

ወደ ቁፋሮው ስንመጣ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ፍለጋ፣ ግኝትና ጥናት የሚካሄደው ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ከሚባለው መሥሪያ ቤት በሚሰጥ የጽሑፍ ፈቃድ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ወይም ከወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚገኘው ደብዳቤ «ተባበሩት» የሚል እንጂ የመቆፈሪያ ፈቃድ አይደለም። ሳይቆፍሩ በገጸ ምድር ላይ ሸክላና ድንጋይ ማሰስም «ፍለጋ» ነው። ስለዚህ የአሰሳ ተማሪ ካላችሁ ማመልከቻው በዩኒቨርሲቲው በኩል፣ ከነካርታውና ከነአማካሪው ስም፣ ከመስኩ ወራት ቀድሞ ይግባ። ቃለ መጠይቅና የመዝገብ ቤት ሥራ ብቻ ለሚሠራ የታሪክ ተማሪ የዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል።

ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ የቁፋሮ ወጪ የሚከብደው ጉድጓዱ ሲያልቅ ነው። 2 በ2 ሜትር የሆነ ጉድጓድ 1 ሜትር ሲወርድ 4 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል። ይህ ሁሉ አፈር በንብርብሩ ተለይቶ በወንፊት ያልፋል፤ እያንዳንዱ ንብርብር ፎቶ ይነሣል፣ በሚሊሜትር ወረቀት ይሣላል። ከዚያ ስብርባሪውን ማጠብ፣ ቁጥር መስጠት፣ መሣል፣ የሚያስቀምጥበት መደርደሪያ ማግኘት፣ ጉድጓዱን መልሶ መድፈን፣ ለባለ እርሻው ካሣ መክፈል አለ። ከሰል ተገኝቶ ዕድሜው በካርበን ይለካ ከተባለ ለአንዱ ናሙና ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር፣ በዚያ ላይ ናሙናውን ከአገር ለማውጣት ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል። ገንዘቡ መሃል ላይ ሲያልቅ የሚቀረው ተቆፍሮ ያልተጻፈ ቦታ ነው፤ ያንን ቦታ ደግሞ ሁለተኛ ማንም ሊያነበው አይችልም። አንድ ነገር የሚታይ ይውጣ የሚሉትን ወዳጆቻችሁን እረዳቸዋለሁ፣ ግን በ180,000 ብር የሚታየው ይሄ ጉድለት ነው።

እንግዲህ ገንዘባችሁ የሚያዋጣው አራት ነገር ላይ ነው፦ የገጸ ምድር አሰሳ፣ የቆዩ ሕንፃዎችን መለካት፣ የቃል ታሪክ መቅዳት፣ የብራናና የወረቀት መዛግብትን በፎቶ ማስቀረት።

ጊዜውን በእርሻው አስሉት። ማስታወቂያ መስከረም ላይ ይውጣ፣ የጥናት ዕቅዱ ጥቅምት አጋማሽ ይግባ፣ ውሳኔው ኅዳር ላይ ይለቅ። አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ባዶ የሚሆነው ታኅሣሥና ጥር ነው፤ አሰሳው ያኔ ነው። የካቲት ሲጋመስ የበልጉን ዝናብ ማሰብ ግድ ነው። ለቃለ መጠይቅ ግን ጥር አይመችም፤ ጥምቀትና ሠርጉ ሽማግሌዎቹን ይወስዳቸዋል። ረመዳንም በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚገባ የዓመቱን ቆጥራችሁ ያዙ፤ ጾመኛ ሽማግሌን ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ማስወራት ተገቢ አይደለም።

መንገድ ቢዘጋስ ላላችሁት፣ እያንዳንዱ የጥናት ዕቅድ ከመጀመሪያው ሁለተኛ ቦታ ይኑረው። ሁለተኛው ቦታ ጥያቄውን ሳይለውጥ ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ በቀን ደርሶ መልስ የሚሠራ መሆን አለበት። ደሴ ያለውን የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ፣ አይጠየፍን፣ ግድግዳና ጣሪያውን ለክቶ መሣል አለ። የ1870ው የሃይማኖት ጉባኤ የተደረገበት ቦሩ ሜዳ አለ። ከ1928 እስከ 1933 ባለው ጊዜ በሁለቱ ከተሞች የተሠሩ ሕንፃዎችና ድልድዮች ምን ያህሉ ቆመው እንዳሉ ዘርዝሮ የጻፈ ተማሪ ቢገኝ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ እሱን እደግፋለሁ። «የወሎ ታሪክ ከጥንት እስከ ዛሬ» የሚል ርእስ ከመጣ ግን መልሱት። እንዲህ ያለ ርእስ በ15 የመስክ ቀን አይመለስም።

ሜትርና እርሳስ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። እኔ የመስኩን ስሕተት ልጨምር፤ ገንዘቡ ሳይጎድል ውጤቱን ባዶ የሚያደርገው እሱ ነው።

አንደኛው የካርታ ነገር ነው። የድሮዎቹ የ1:50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ (የቦታ ቁጥሮች የሚቆጠሩበት መነሻ) ነው። ስልክና ጂፒኤስ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 ላይ ተስተካክለው ነው የሚመጡት። አንዱን በሌላው ላይ ስታሳርፉት ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። ሜዳ ላይ ቢሆን ሰው ፈልጎ ይደርስበታል፤ በደሴ ዙሪያ ባለው ተዳፋት ላይ ግን ከገደሉ አፋፍ ያለው መቃብር ገደሉ ውስጥ ሆኖ ይጻፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመውጣታቸው በፊት ካርታው ላይ በግልጽ የሚታይ ድልድይ ወይም መገንጠያ ላይ ቆመው ይለኩና ከካርታው ጋር ያስተያዩ። በእያንዳንዱ የማስታወሻ ገጽ ራስጌ «ዩቲኤም ዞን 37» (የቦታ ቁጥሮቹ የሚቆጠሩበት የካርታ ቀጠና) እና የልኬት መነሻው ይጻፍ። ያልተጻፈበትን ማስታወሻ ከሁለት ዓመት በኋላ ማንም ሊያርመው አይችልም።

ሁለተኛ፣ አሰሳ ማለት እየተዘዋወሩ «ያገኘነውን አነሣን» ማለት አይደለም። ሦስት ሰው በ10 ሜትር ርቀት ጎን ለጎን ቢሄድ በአንድ ጉዞ 30 ሜትር ስፋት ይሸፍናል፤ 1 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ 3 ሄክታር ታሰሰ ይባላል። በተዳፋት ላይ በቀን 5 ወይም 6 ጉዞ ካደረጉ ጥሩ ነው። ለእያንዳንዱ ማሳ የመሬቱን ሁኔታ ይመዝግቡ፦ የታረሰ ነው፣ ገለባ የቀረበት ነው፣ ሣር ነው? ሣር የለበሰ ማሳ ላይ ሸክላ አለመታየቱ ሸክላ የለም ማለት አይደለም። ምንም ያልተገኘበት ማሳም በካርታው ላይ ይግባ። ብዙ ጽሑፍ የሚወድቀው የተገኘበትን ብቻ ስለሚያሳይ ነው፤ ያልታየውንና ታይቶ ባዶ የሆነውን መለየት አይቻልም።

ሸክላ የሚነሣ ከሆነ (ፈቃዱ ማንሣትን የሚጨምር ሲሆን ብቻ) በከረጢቱ ላይ በማርከር የተጻፈ ቁጥር አይበቃም፤ ፀሐይና ፍትጊያ ያጠፋዋል። በጠንካራ ወረቀት ላይ በእርሳስ የተጻፈ ሁለተኛ መለያ ከውስጥ ይግባ። እስክሪብቶ አይሁን፤ እርጥበት ሲነካው ይፈስሳል። ፌስታሉ በመርፌ ሁለት ሦስት ቦታ ይበሳ፤ ካልሆነ ሸክላው ያልበዋል፣ ወረቀቱም ይሻግታል። ጠርዝና እጀታ ያለውን ስብርባሪ ለይተው ያንሡ፣ የቀረውን ቆጥረው እዚያው ይተዉ። የተነሣው ሁሉ በዝርዝር ተፈርሞ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይግባ እንጂ በተማሪው አልጋ ሥር አይቅር።

ገበሬውን በተመለከተ፣ ሜትር ይዞ ማሳ ላይ የታየ ሰው ወይ መሬት ሊወስድ ነው፣ ወይ ወርቅ ፈልጎ ነው የሚባለው። ከቀበሌው ሰው ጋር ባለማሳው ዘንድ ሳይሄዱ ቴፕ አይዘርጉ፤ የሚለካው ምን እንደሆነ ያሳዩት፣ የሣሉትንም ይየው። የድንጋይ ክምር መቃብር ላይ ብዙ ከቆዩ ደግሞ እነሱ በሄዱ ሳምንት ሌላ ሰው ወርቅ ብሎ ይቆፍረዋል። ለዚህ ሲባል በሚታተመው ጽሑፍ ላይ የቦታው የካርታ ቁጥር ወደ ኪሎ ሜትር ይጠጋጋ፣ ትክክለኛው በተለየ ወረቀት ለባለሥልጣኑና ለዩኒቨርሲቲው ብቻ ይሰጥ። በውላችሁ ውስጥ አስገቡት።

የቃሉ ልጅ

ስለ መዛግብቱ ልበል። ወሎ ውስጥ በክርስቲያኑም በእስላሙም በኩል ያለው ጽሑፍ ብዙ ነው፤ ጥንቃቄው ግን ይለያያል።

የገዳማቱን ብራና ለመቅዳት የሚያመለክት ተማሪ ቢመጣ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ከዚህ በፊት ተቀድቷል ወይ?» ብላችሁ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ የሐይቅ እስጢፋኖስ መጻሕፍት ተቀድተዋል፤ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በዚያ ስብስብ ቁጥሩ 1832 ነው። ያለውን ደግሞ ለመቅዳት መክፈል ብክነት ነው። ተማሪው የማይክሮፊልሙን ዝርዝር አይቶ ያልተቀዳውን፣ ወይም ከዚያ ወዲህ የተጎዳውን ለይቶ ይምጣ።

በአልብኮው ጀማ ንጉሥ፣ በቃሉው ገታ፣ በየጁው ዳና እና በሌሎቹም የዒልም (የእስልምና ትምህርት) ቦታዎች ያለው ኪታብ አብዛኛው በቤተሰብ እጅ ነው። ዐረብኛው ብቻ አይደለም፤ በአጀም፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል፣ የተጻፈው አማርኛ መንዙማ የእኛው ቋንቋ ታሪክ ነውና አንድ ሳይቀር መቀዳት አለበት። ብዙው ያልተጠረዘ ነው፤ ልቅ ቅጠሉ በቆዳ ማኅደር ውስጥ ተደርድሮ ይኖራል። እዚህ ላይ ተማሪው የሚሠራው ትልቁ ጥፋት ቅጠሉን «ላስተካክል» ብሎ መደርደር ነው። መጀመሪያ እንዳለ፣ ማኅደሩ እንደተከፈተ ባለው ቅደም ተከተል ይነሣ። ከዚያ በኋላ ነው ቅደም ተከተሉ የሚፈተነው። በብዙ ኪታብ ላይ ከገጹ ግርጌ፣ ከጽሑፉ ወጣ ብሎ፣ የቀጣዩ ገጽ የመጀመሪያ ቃል ትጻፋለች። ያቺ ቃልና የሚከተለው ገጽ መነሻ ከገጠሙ ቅጠሎቹ ተከታታይ ናቸው፤ ካልገጠሙ ወይ ቅጠል ጎድሏል ወይ ተዛንፏል። ውሳኔው በወረቀት ላይ ይጻፍ እንጂ ቅጠሎቹ ከነበሩበት አይንቀሳቀሱ።

የአነሣሡ ነገር፦ ፍላሽ የለም። በር አጠገብ፣ ቀጥታ ፀሐይ በማይገባበት ጥላ፣ ካሜራው በትሪፖድ ወደ ታች ዞሮ ይቁም። በእያንዳንዱ መጽሐፍ የመጀመሪያ ፎቶ ላይ የሴንቲሜትር ማስመሪያና የቀለም መለኪያ ካርድ ከጎኑ ይግባ። የካሜራው ጥሬ ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ፣ ከእሱ ጥራቱን የማይቀንስ የቲፍ ቅጂ ይውጣ፤ የተጨመቀው ጄፔግ ለማየት ብቻ ነው። የፋይሉ ስም የቦታውን መለያ፣ የመጽሐፉን ቁጥር፣ የቅጠሉን ቁጥርና ፊት ይሁን ጀርባ ይያዝ። ባዶውም ገጽ፣ ሽፋኑም ይነሣ፤ የሽያጭ፣ የውርስና የዘመን ጽሑፍ የሚገኘው እዚያው ባዶ የተባለው ላይ ነው።

ገንዘቡ የሚሄደው በካሜራው ሳይሆን በደጅ ጥናቱ ነው። አንድ ቤተሰብ ኪታቡን ለማሳየት ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስን ይጠይቃል፤ ያ መመላለስ በበጀቱ ላይ እንደ ሥራ ቀን ይቆጠር። የተነሣው ሁሉ በፍላሽ ዲስክ ለባለቤቱ ይመለስ። «እናመጣለን» ተብሎ ያልተመለሰበት ቤት ከዚያ በኋላ ለማንም በሩን አይከፍትም፤ አንድ ተማሪ ያላደረሰው ቅጂ ለሚቀጥሉት አሥር ተማሪዎች መንገድ ይዘጋል።

ቦርከና ማዶ

እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን። ኮሚቴው ተሰብስቦ የቁፋሮውን ሐሳብ ትቷል፤ 4 ተማሪ በሚለውም ተስማምተናል። አሁን የቀረን ገንዘቡ ነው። በዩኒቨርሲቲው በኩል ይለፍ ወይስ በቀጥታ ለተማሪው እንስጥ? ለበቅሎና ለመንገድ መሪ ደረሰኝ ከየት ይመጣል? ሌላ ቦታ ድጋፍ የሚጠይቁበት ካለም ጠቁሙን።

ሒሳብ ሠሪ

በዩኒቨርሲቲው ካለፈ የመንግሥትን የሒሳብ ሥርዓት ይከተላል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ ግንቦት ላይ የገባ ገንዘብ ግዢው ሳያልቅ ዓመቱ ያልቃል። ዕቃ ሲገዛ የዋጋ ማቅረቢያ ከሦስት ቦታ ይሰበሰባል፤ ለ2,000 ብር ባትሪ ሁለት ሳምንት ይሄዳል። ጥቅሙም አለ፤ ንብረቱ በመዝገብ ይገባል፣ ተማሪው ሲመረቅ ካሜራውን ይዞ አይሄድም። ለዚህ መጠን የምመክረው የተቀላቀለውን ነው፦ ካሜራ፣ ትሪፖድ፣ ጂፒኤስና መቅረጸ ድምፅ አንድ ጊዜ ተገዝተው በትምህርት ክፍሉ ንብረትነት ይመዝገቡና ለአራቱም በፊርማ ይዋሱ፤ የመስኩ ወጪ ግን ከእናንተ በቀጥታ ለተማሪው የባንክ ሒሳብ ይግባ። ዕቃው ከ20,000ው መጠባበቂያ ካለፈ ደግሞ አዲስ አትግዙ፣ ከትምህርት ክፍሉ ያለውን ተዋሱ።

ክፍያው በሦስት ይሁን። የመጀመሪያው 16,000 ፈቃዱ ወይም የትብብር ደብዳቤው ሲታይ ይለቀቅ፣ ቀድሞ አይደለም። ሁለተኛው 16,000 የመጀመሪያው ጉዞ ማስታወሻ ደብተርና ፎቶ ሲታይ ነው። «ማስታወሻ» ስል በመስኩ ላይ በእጅ የተጻፈውን ነው፣ ቤት ተመልሶ የተተየበውን አይደለም። የቀረው 8,000 የጥሬ መረጃው ቅጂ ሲገባ ይከፈል። አንድ ሰው መሃል ላይ ቢያቆም የምታጡት ቢበዛ 32,000 ነው፤ የሠራው ደብተር ግን በእጃችሁ ቀርቷል።

ለበቅሎ፣ ለአህያና ለመንገድ መሪ ደረሰኝ አይገኝም፣ ተማሪውንም አታስጨንቁት፤ ቢጨንቀው ከከተማ የማይሆን ደረሰኝ ፈልጎ ያመጣል፤ ይህ ከማጣቱ የባሰ ነው። አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጁ፦ የተቀባዩ ሙሉ ስም፣ ቀበሌ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ምን ሠራ፣ ስንት ቀን፣ በቀን ስንት፣ ድምሩ በአኃዝና በፊደል፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ የአንድ ምስክር ፊርማ። ማታ ማታ ይሞላ። በጉዞው መጨረሻ በአንድ ጊዜ የሚሞላ ቅጽ ሁሉም አበል እኩል፣ ሁሉም ቀን ሙሉ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ያ ደግሞ የማይታመን ሒሳብ ነው።

ሌላ ድጋፍ ላላችሁት፣ አዲስ አበባ ያለው የፈረንሳይ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል እና ናይሮቢ ያለው የብሪታንያ የምሥራቅ አፍሪካ ተቋም ለወጣት ተመራማሪዎች አነስተኛ የመስክ ድጋፍ ሲሰጡ ቆይተዋል፤ የየዓመቱን ጥሪ ከድረ ገጻቸው ተከታተሉ። የብሪቲሽ ላይብረሪው «ለአደጋ የተጋለጡ መዛግብት» ፕሮግራም የቃሉ ልጅ ላለው ሥራ ይመቻል። ተማሪ በግሉ የሚያመለክትበት ሳይሆን በተቋም በኩል የሚገባበት ነው፤ ዋናው ጽሑፍ ከአገር እንዳይወጣም ደንቡ ነው። ዌነር ግሬን የተባለው የአሜሪካ የአንትሮፖሎጂ ፋውንዴሽን የሚሰጠው የመስክ ድጋፍ ለዶክትሬትና ከዚያ በላይ ነው፣ የማስተርሱ ተማሪ ጊዜውን አያጥፋበት። ለእነዚህ ሲጻፍ የእናንተ 40,000 ብር ያለው ዋጋ ከመጠኑ ይበልጣል፤ «የአካባቢው ሰው ይህን ያህል ወጪ ሸፍኗል» የሚል መስመር ማመልከቻውን ያጠነክረዋል።

በጀቱን በብር ብቻ አትጻፉት። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በብር የተጻፈ በጀት የያዘ ሁሉ በውጭ የሚገዛውን አጥቷል። «45 የሰው ቀን፣ 6 የመኪና ቀን፣ 4 የበቅሎ ቀን» ብላችሁ በመለኪያው ጻፉትና ዋጋውን በጎኑ አድርጉ፤ ዋጋ ሲጨምር የትኛው ቀን እንደሚቀነስ ከመጀመሪያው ይታወቃል።

ጦሳ ሥር

ሒሳብ ሠሪ ስለ ጥሬ መረጃው ቅጂ ያነሣውን ላጠናክር። የቃል ታሪክ ለሚሠራው ተማሪ የድምፁ ፋይል ራሱ ይግባ፤ የተናጋሪዎች ዝርዝር በጽሑፉ መጨረሻ ላይ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ሰውየው ሲናገር ስሙ እንዲጻፍ ፈቅዶ እንደሆነ በድምፁ መጀመሪያ ላይ ይጠየቅ፣ መልሱም ይቀዳ። ዓመት ሲጠቅስ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ እዚያው ይጣራ፤ ዘመኑን በሂጅራ የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች ስላሉ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ሲቀየር የሚመጣው ስሕተት ብዙ ነው።

ቅጂው በሦስት ቦታ ይቀመጥ፦ አንዱ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ በዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ፣ አንዱ ከደሴ ውጭ፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም። የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት የደረሰበትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ሁሉንም በአንድ ከተማ ማስቀመጥ አይገባም። ከ20,000ው መጠባበቂያ ውስጥ የሦስቱ ዲስኮች ዋጋ ዛሬውኑ ተለይቶ ይቀመጥ፤ በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ አንድ ሰው ከፍቶ ፋይሎቹ መነበባቸውን ያረጋግጥ፣ የፈተሸበትን ቀን በዲስኩ ሽፋን ላይ ይጻፍበት።